መጀመሪያ እንግዳ ሁኑ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው ወር "እምነታችሁን ቋንቋውም ባህሉም ከእናንተ ለተለየ ሰው ስታካፍሉ ምን ገጠማችሁ?" ብዬ ጠይቄ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። የገረመኝ አብዛኛው የመጣው ከሩቅ አገር ሳይሆን ከአዲስ አበባ ዳር ዳር መሆኑ ነው። ከኮዬ ፈጬ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ። ሚስዮናዊ ሲባል ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፈረንጅ ነው ቶሎ የሚታየን። ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ማሳው የሚጀምርበት ቦታ ላይ የምንኖረው ግን በየቀኑ ነው የምንሻገረው። እኔ ሱሉልታ ነኝ። ጠዋት በሬን ስከፍት ከጎረቤት ሬዲዮ የቅዳሴ ዜማ ይሰማኛል፣ ከታች ካለው መስጊድ አዛን፣ ከጀርባ ደግሞ ላሞቹን በኦሮምኛ የሚጣራው እረኛ።

ሁሉንም ደብዳቤ ማስተናገድ አልቻልኩም፤ ስድስቱን መርጫለሁ። የጥንት ታሪክ ሳነሳ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ጥያቄ፦ እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያለን የወጣቶች ኅብረት ነን። በየቅዳሜው ከሕንፃዎቹ ጀርባ ወዳለው የገበሬዎች መንደር እየሄድን ወንጌል እንሰብካለን። ትንሽ ሞንታርቦ አለችን፤ በአማርኛ እንዘምራለን፣ ትራክት እናድላለን። አራት ወር ሆነን። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ትልልቆቹ ግን በራቸውን ይዘጋሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት ቡና ጠሩን። ያቀረቡት በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ ነበር። አንዱ ወንድማችን "ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው" ስላለ ሳንቀምስ ወጣን። ከዚያ ወዲህ እኚያ እናት ሰላምታም አይመልሱልን። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው? ከመካከላችን ኦሮምኛ የሚችለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። — ግራ የገባት፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ከበደኝ። ያንን ቡና እኔም አንድ ጊዜ ጥዬ ወጥቻለሁና።

ብዙ ዓመት ሆኖታል። ጉለሌ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ፣ ማንበብና መጻፍ ላስተምር ወደ ወለጋ ገጠር ተላክሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት ባልቴት ጠሩኝ። ቡና ቀላ ነው ያቀረቡልኝ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ ከነቅርፊቱ ያለው የቡና ፍሬ ጫፉ በጥርስ ከፈት ይደረግና በቅቤ ይጠበሳል። ፍሬው ቅቤው ውስጥ ሲንጣጣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ ከነቅቤው ይበላል፣ ቅርፊቱ ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ስሙ "የታረደ ቡና" እንደማለት ነው፤ ምርቃት የሚመረቅበት፣ የተከበረ እንግዳ የሚቀበሉበት ነገር ነው። እኔ ግን ከአዲስ አበባ ስነሳ አንድ ሰው "ቅቤ የነካውን ቡና እንዳትነኪ" ብሎ አስፈራርቶኛል። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ጾም ነኝ" አልኳቸው። ውሸቴን ነበር። ምንም አላሉኝም። የእንጨት ሳህኑን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ስምንት ወር ሙሉ እዚያ ቤት አልተጠራሁም።

ልጃቸው ስትወልድ ገንፎ ላገላብጥ ሄጄ፣ ሰው ሲቀንስ ጠጋ ብዬ "ያኔ ያቀረቡልኝ ለምን ነበር?" አልኳቸው። "እናትሽ ሩቅ ናት ብዬ ነዋ" አሉኝ። በቃ፣ ይቺው ናት። እኔ አምልኮ ያልኩት፣ ሴትየዋ እናት ልትሆነኝ የሞከረችበት ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልልሽም። ቡና ቀላ ከጥንቱ የኦሮሞ እምነት፣ ከአያና ወይም ከአቴቴ ሥርዓት ጋር ተያይዞ የሚዘጋጅበት ቤት አለ። ግን ያንን የምታውቂው ከጓደኛሽ ግምት ሳይሆን ከባለቤቷ አፍ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 10 ላይ የሚለው ይህንኑ ነው፤ የማያምን ሰው ቢጠራችሁ ያቀረበላችሁን ብሉ፣ "ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው" የሚላችሁ ካለ ግን ተዉት። ስለዚህ ጠይቂያቸው። "እማማ፣ ይሄ ምን ማለት ነው? መቼ መቼ ነው የሚዘጋጀው?" ቢሏት ደስ የማይላት እናት አላየሁም። መልሱ ኅሊናሽን የሚነካ ከሆነ እውነቱን ተናግረሽ በትሕትና እለፊው። እንደኔ "ጾም ነኝ" እንዳትይ።

ሞንታርቦዋን በተመለከተ፣ እስቲ በእኚያ እናት በር ላይ ቆመሽ ወደ ራሳችሁ ተመልከቺ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከበራቸው ማዶ ጤፍና ስንዴ ነበር፣ ዛሬ ሕንፃ ነው። መንደራቸው ተለክቷል፣ ተቆፍሯል፣ መንገድ ወጥቶበታል። ከከተማ የመጣው ሰው ሁሉ ሊነግራቸው ነው የመጣው፣ ሊሰማቸው የመጣ የለም። አሁን ደግሞ በቅዳሜ ከእነዚያው ሕንፃዎች የወጡ ልጆች በሞንታርቦ፣ በአማርኛ፣ "እውነቱን እንንገራችሁ" ይሏቸዋል። እናንተ የምትናገሩት ስለ ኢየሱስ ነው። እሳቸው ጆሮ የሚደርሰው ግን የለመዱት ድምፅ ነው፤ በራቸውን የዘጉት ለዚያ ድምፅ ይመስለኛል።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። ሞንታርቦዋን እዚያው ኮንዶሚኒየም እተዋታለሁ። ኦሮምኛ የሚችለውን ልጅ አስተርጓሚ ማድረጌን አቆምና መሪ አደርገዋለሁ፤ መቼ እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጡ፣ ማንን ቀድሞ ሰላም እንደሚሉ እሱ ይንገራችሁ። ሌሎቻችሁ ቋንቋውን ተማሩ። "አካም ጅርቱ" ብላችሁ መልሱን ሳትሰሙ የምታልፉበትን ሳይሆን፣ ሰው ስለ ላሙና ስለ ዝናቡ ሲያወራ የምትከተሉበትን ያህል ተማሩ። ከዚያ ሁለታችሁ ብቻ ወደ እኚያ እናት ዘንድ ሂዱ። አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ያዙ። "ያን ቀን አስከፋንዎት፣ አላወቅንም፣ ይቅርታ" በሉ። በዚያን ቀን አትስበኩ። እባክሽ፣ በዚያን ቀን አንድ ጥቅስ እንኳ አታንሺ፣ ይቅርታው ማጥመጃ ሊመስላቸው ይችላልና። ቡናቸውን ጠጥታችሁ፣ የሚያወሩትን ሰምታችሁ ተመለሱ።

ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ "ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት" የተዘጋጃችሁ ሁኑ ይልና "በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን" ብሎ ይጨምራል። "ለሚጠይቁአችሁ" የምትለዋን ቃል ያዢልኝ። እስካሁን ማንም አልጠየቃችሁም። ሰው የሚጠይቀው ቤቱ ገብቶ የተቀመጠ እንግዳን ነው፤ በር ላይ ቆሞ የሚጮኽን ሰው ማን ይጠይቃል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኦሮሞ ነው። በእሱ ቤተ ክርስቲያን ሲጸልዩ "ዋቃዮ" ይላሉ። አንዲት ጓደኛዬ "ይሄ እኮ የጥንቱ እምነት አምላክ ስም ነው፣ እሬቻ ላይም እሱኑ ነው የሚጠሩት፣ ክርስቲያን እንዴት ይጠራበታል?" አለችኝና ልቤ ተረበሸ። — ከሰበታ

መልስ፦ ልብሽ ይረፍ። ይህን ጥያቄ እኛ የመጀመሪያዎቹ ሆነን አልጠየቅነውም። ወንጌል ወደ አዲስ ቋንቋ በገባ ቁጥር የሚመጣ ጥያቄ ነው።

የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ማን እንደተረጎመው ታውቂያለሽ? ኦኔሲሞስ ነሲብ ይባላል። ሂካ ተብሎ ኢሉባቦር የተወለደ፣ በሕፃንነቱ በባርነት ተሽጦ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። እዚያው አጠገብ እምኩሉ በሚባል ቦታ የስዊድን ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ በዚያ ተማረ፣ በኋላም ስዊድን ድረስ ሄዶ ተማረ። ወንጌልን ለሕዝቡ ማድረስ የዕድሜ ልክ ምኞቱ ነበር። አንድ ነገር ግን ጎደለው። ከአገሩ በልጅነቱ ስለተነጠቀ ኦሮምኛው ለትርጉም ሥራ አልበቃውም።

ያንን የሞላችው አንዲት ወጣት ሴት ናት፤ አስቴር ጋኖ። እሷም ባሪያ ሆና ወደ ዐረብ አገር ስትጫን በ1886 የጣሊያን መርከብ አስጥሎ እምኩሉ ያደረሳት ናት። የቋንቋው ለዛ፣ ተረቱ፣ እንቆቅልሹ፣ ዘፈኑ በአእምሮዋ ነበር። መዝገበ ቃላት አሰናዳች። ከኦኔሲሞስ ጋር 500 ያህል ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ሰብስበው ጻፉ፤ ከፊሉ በ1894 በወጣው የንባብ መማሪያ ገባ። ይቺን ነገር ደጋግሜ አስባታለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ለመተርጎም የተነሱ ሰዎች የሕዝቡን እንቆቅልሽ ሰበሰቡ! አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ ፊደሉም የግዕዝ ነበር። ኦኔሲሞስ መንገዱ ስንት ጊዜ ከተዘጋበት በኋላ በ1904 ነቀምት ገባ፤ አስቴርም እዚያው መጥታ ስታስተምር ኖረች።

እነዚህ ሁለት ሰዎች የእግዚአብሔርን ስም ከውጭ አላስመጡም። እናቶቻቸው የሚጠሩትን ስም ነው የጻፉት። ሰማይና ምድርን የፈጠረው አንድ አምላክ በኦሮምኛ ስም ነበረው።

የእኛንም ስም ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? "እግዚአብሔር" በግዕዝ "የአገር ጌታ" ማለት ነው። ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ዘመን ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ "በኃይለ እግዚአ ሰማይ" አለ፣ "በሰማይ ጌታ ኃይል"። ሕዝቡ የሚገባውን ቃል ነው የተጠቀመው። ጳውሎስም አቴና ሲደርስ "ለማይታወቅ አምላክ" የሚል መሠዊያ አይቶ ከዚያው ነው ንግግሩን የጀመረው፤ የሐዋርያት ሥራ 17ን አንብቢው። ስሙ ያው ሆኖ ስለ እርሱ የሚነገረው ነገር አዲስ ሊሆን ይችላል። ለጓደኛሽ ቡና አፍዪላትና የአስቴርን ታሪክ ንገሪያት። ከባልሽ ጋር ስትጸልዪም "ዋቃዮ" በይ፣ እሱ ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ጡረታ ወጥቼ ለገጣፎ እኖራለሁ። ሁለት ወጣቶች በሬን አንኳኩተው "ክርስቶስን ያውቁታል?" አሉኝ። ሰባ ዓመት ሙሉ የጾምኩ፣ ያስቀደስኩ ሰው ነኝ! ይህች አገር እኮ ፈረንጆቹ ገና ሳይሰሙ የሰማች ናት። ሚስዮን የሚባለው ነገር ለኛ ምን ያደርግልናል? — አንድ አባት

መልስ፦ ጋሼ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል። እኔ ወንጌላዊት አማኝ ነኝ፣ መደበቅ አልፈልግም። ስለዚህ መጀመሪያ በእነዚያ ወጣቶች ስም ይቅርታ ልጠይቅዎ። የሰባ ዓመት ጾምና ጸሎት ያለውን አባት ምንም እንዳልሰማ ሰው አድርጎ መጀመር ድፍረት ነው። ልጆቹን ባገኛቸው "ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ክርስቶስን እንዴት እንዳወቁት ይንገሩን" ብላችሁ ብትጀምሩ ኖሮ እላቸዋለሁ።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሚስዮን የፈረንጅ ነገር አይደለም። የእርስዎ ቤተ ክርስቲያንም በሚስዮን ነው የተተከለችው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከሶርያ በኩል የመጣ እንግዳ ነበር፤ ፍሬምናጦስ። ተሰዓቱ ቅዱሳንም ከባሕር ማዶ መጥተው ነው ግዕዙን የተማሩት፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን በመተርጎም የተባበሩት፣ በየተራራው ገዳም የተከሉት። ዛሬ አቡነ አረጋዊን "መጤ" የሚል ማን አለ? ደብረ ዳሞ ላይ በገመድ የሚወጣ መነኩሴ እንግዳነታቸውን ያስታውሳል? አገሬው ሆኑ፣ በቃ። በ13ኛው መቶ ዘመን ደግሞ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሸዋና በዳሞት ዞረው ሰበኩ። እነዚህን ሁሉ እኔም እንደ አባቶቼ ነው የማያቸው።

የእርስዎ ቁጣ ሥሩ ጥልቅ እንደሆነም አውቃለሁ። ኢየሱሳውያኑን፣ እነዚያን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ማን ይረሳል? ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ሲመጣ አማርኛና ግዕዝ ተምሮ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ተቀምጦ ተከራክሮ፣ ቀስ ብሎ ነበር የተራመደው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ተቀበሉ፣ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። በ1625 አፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ሆኖ ሲመጣ ግን ሁሉንም ከሥሩ ለመገልበጥ ተነሳ። የተጠመቀው እንደገና ይጠመቅ፣ ካህኑ እንደገና ይካን፣ ቅዳሜ አይከበር፣ ግዝረት ይቅር አለ። ደም ፈሰሰ፣ ባላገር ከባላገር ተላለቀ። ሱስንዮስ በ1632 ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። እኔ ይህን ታሪክ ለወጣት አገልጋዮች ሳስተምር የፓኤዝንና የሜንዴዝን ልዩነት ነው የማሳያቸው። አንደኛው በሰው ቤት እንግዳ መሆኑን ያውቅ ነበር። ሁለተኛው እንደ ባለቤት ገባ።

አንድ የሚያስደስትዎን ነገር ደግሞ ልንገርዎ። ዛሬ እኛም እናንተም የምናነበው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ እጅ ነው። አቡ ሩሚ ይባላሉ። ካይሮ ላይ ለአንድ የፈረንሳይ ቆንስል ብለው አሥር ዓመት ያህል ተቀምጠው ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ተረጎሙት። ጽሑፉ ከ9,500 ገጽ በላይ ነው። የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶ በየክፍሉ አሳተመው፣ ሙሉው በ1840 ወጣ። ሚስዮናውያኑ ከእርስዎ ወገን ተቀብለው ለእኛ ሰጡን ማለት ነው።

ስለዚህ እነዚያ ልጆች ተመልሰው ቢመጡ እባክዎ በሩን ይክፈቱላቸው። እርስዎም ይንገሯቸው፣ እነሱም ይንገሩዎ። የሚሻለው መንገድ እሱ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ለተቸገሩ ቤተሰቦች ዘይትና ዱቄት እናድላለን፣ ከዚያ ፕሮግራም አለን። ሰፈር ውስጥ "ለዱቄት ብለው ሃይማኖት ለወጡ" ይባላል። እርዳታውን እንተው? — ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እርዳታውን አትተዉ። "ከዚያ ፕሮግራም አለን" የምትለዋን ተዉ።

የተራበ ሰው ዘይቱን እስኪቀበል ድረስ ቁጭ ብሎ ስብከት እንዲሰማ ካደረጋችሁት፣ አፉ "አሜን" ሲል ልቡ ሰልፉ ላይ ነው። እሱም ያዝናል፣ እናንተም የማታምኑት አሜን ትሰበስባላችሁ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 27 ላይ የሰውን የእምነት ነፃነት በማስገደድ መገደብ አይቻልም ይላል። ዱቄት በያዘ እጅ ፊት የቆመ የራበው ሰው ምን ያህል ነፃ ነው? እናንተው መልሱት።

ቀኑን ለዩ፣ ቦታውን ለዩ፣ የሚያድለውንም ሰው ለዩ። ለሙስሊሙ ጎረቤትም እኩል ስጡ፤ ስም ዝርዝሩ ላይ ሃይማኖት የሚል መስመር አይኑር። ግን በተቃራኒው "ዳቦው ሥጋዊ ነው፣ ስብከቱ ብቻ መንፈሳዊ ነው" የሚሉትንም አትስሙ። በ1972 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ዘመን ለምዕራባውያን ረጂዎች የጻፈችው ደብዳቤ አለ። ስብከትንና ልማትን እየለያያችሁ ገንዘብ አትስጡን፣ እኛ ሰውን የምናገለግለው በሙሉነቱ ነው የሚል ነው መልእክቱ። ቄስ ጉዲና በ1979 በደርግ ጊዜ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ሰውየው በነፍሳቸው የከፈሉበት ሐሳብ ነውና በጥድፊያ አናበላሸው።

ጥያቄ፦ ሙስሊም በሚበዛበት ወረዳ በመምህርነት ተመድቤያለሁ። እምነቴን በአግባቡ መመስከርም እፈልጋለሁ። ቤታቸው ሲጠሩኝ ሥጋ ቢያቀርቡልኝ ልብላ? — አንድ መምህር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሌላ አገር ቢሆን ጥያቄው ቀላል ነበር። ለእኔ መጽሐፉ አይከለክልህም። በእኛ አገር ግን ሥጋ ከምግብ በላይ ነው። የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ ብለን ሉካንዳውን እንኳ ለይተን ነው የኖርነው። የሙስሊም ሥጋ የበላ ክርስቲያን "ሰለመ" ይባልበታል። ስለዚህ ብትበላ አንተ "ወዳጅነቴን አሳየሁ" ስትል፣ እነሱ "ወደኛ ገባ" ብለው ሊደሰቱ ይችላሉ፤ በኋላ እውነቱን ሲያውቁ እንደተታለሉ ይሰማቸዋል። ወሬው ቤተሰብህ ዘንድም ይደርሳል።

የእኔ ምክር ግልጽነት ነው። ገና ሳይጠሩህ፣ መጀመሪያ በተዋወቃችሁበት ሳምንት "እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አብሬያችሁ መብላት ያስደስተኛል፣ ግን ስበላ ሃይማኖቴን ቀየርኩ ማለት እንዳይመስላችሁ" በላቸው። "እንዲያ ከሆነ ብላ" የሚሉ አሉ። "አይ፣ ይቅርብህ፣ ሽሮ እንሥራልህ" የሚሉም አሉ። ሽሮ ካሉህ ሽሮውን በደስታ ብላ፣ አትከራከር።

አንተ ስትጋብዛቸው ደግሞ ሥጋውን ከሙስሊም ሉካንዳ ግዛ። ድስቱም አዲስ ይሁን። ድስቱን ገና ከነወረቀቱ ሲያዩት የሚሰማቸውን ነገር በቃል አስረድቼ አልጨርሰውም። አንዲት እህት እንዲህ አድርጋ ስትጋብዝ ቤት ነበርኩ። የጎረቤቷ ባለቤት ድስቱን ብድግ አድርጋ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ ከዚያ እጇን ታጠበችና ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

እነሱም ስለ እምነታቸው ሊነግሩህ ይፈልጋሉ። ስማቸው። ስለ አንተ ሲወራ ብትሰማ የምትጠላውን ወሬ ስለ እነሱም አታውራ፣ በሌሉበትም ጭምር።

ጥያቄ፦ አንድ ልጄ ለወንጌል ወደ ደቡብ ኦሞ ሊሄድ ነው። ቋንቋውን አያውቅ፣ ዘመድ የለው። አልቅሼ ልሞት ነው። ምን ብዬ ልሸኘው? — እናት፣ ከሰበታ

መልስ፦ እትዬ፣ አልቅሱ፤ እንባ እምነት ማጣት አይደለም። እኔ ወለጋ ስሄድ እናቴ መናኸሪያ ድረስ መጥታ አንድ ቃል ሳትናገር ነው የተመለሰችው።

ስለ ወላይታ ልንገርዎ። የሱዳን ውስጣዊ ሚሲዮን የሚባሉት ፈረንጆች በ1928 ሶዶ ገቡ። ዓመታት ደክመው በ1937 ጣሊያን ሲያስወጣቸው ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በወላይትኛ የነበራቸውም የማርቆስ ወንጌልን የመሰለ ጥቂት ነገር ነበር። አማኞቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ፈረንጆቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ 10,000 ያህል ሆነው ጠበቋቸው። ያስፋፉት የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ በእርሻና በለቅሶ፣ በገበያና በጋብቻ። ከዚያ እነሱ ራሳቸው ተራቸውን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ ሄዱ። አሪ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ልጅዎ በሚሄድበት በደቡብ ኦሞ ዞን ሥር ነበር። መንገዱን የወላይታ ገበሬዎች በእግራቸው ጠርገውለታል።

ልጅዎን እንዲህ ይበሉት። የመጀመሪያውን ስድስት ወር ይስማ። ደብተርና እርሳስ ይያዝ፣ በቀን አሥር ቃል ይጻፍ፤ ቃሉን የነገረውን ሰው ስም ከጎኑ ይጻፍ፣ በሚቀጥለው ቀን በስሙ ይጥራው። በአለባበሳቸውና በሰውነት ጌጣቸው ፊቱን አያኮማትር፣ ሳይጠይቅ ፎቶ አያንሳቸው። ሃድሰን ቴይለር የሚባል እንግሊዛዊ በ1854 ቻይና ገብቶ ብዙም ሳይቆይ እንደ ቻይናዎቹ ለብሶ ፀጉሩን እንደነሱ ሲጎነጉን የገዛ ወገኖቹ ተሳልቀውበት ነበር፤ እሱ ግን ሰዎቹ ቀርበው ይሰሙኛል ብሎ ነው ያደረገው። ልጅዎ ልብሱን እንዲለውጥ አልልም። የሚያስቅ የሚመስለውን ነገር ግን ምክንያቱን እስኪያውቅ ድረስ አይሳቅበት።

ስንቁንም ያዘጋጁለት። በሶ ይቁሉለት፣ ጭኮም ካወቁበት ይሥሩለት፣ መንገዱ ረጅም ነው። ለእሱ ብቻ ግን አይሁን። እዚያ የሚያሳድሩት ሰዎች አሉና የእነሱንም ድርሻ ለይተው በሌላ ጨርቅ ይቋጥሩለት።